ቴሌግራም አጥፉ፤ የቤት ሥራው በቴሌግራም ይላካል

ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። ርዕሰ መምህሩ ተነሡና ውሳኔ አነበቡ። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከስልኩ ያጥፋ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማታ የልጄ የሒሳብ የቤት ሥራ መጣ። በምን? በቴሌግራም።

አንድ አባት ደግሞ «እኛ ጎበዝ የነበርነው እኮ ሶሻል ሚዲያ ስላልነበረ ነው» አሉ። ኧረ ባክዎ! ቲክቶክ አልነበረም፤ አጤሬራ ግን ነበር። ማን እጅጌው ውስጥ ምን ይዞ ይገባ እንደነበር እንዳንነጋገር።

ከሁሉ ያናደደኝ የርዕሰ መምህሩ ምክር ነው። «ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚወጣው ሁሉ ውሸት ነው በሏቸው» አሉን። ልጆቹ ሞኝ መሰሏቸው? በግንቦት 2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጣ፤ እውነተኛው ሆኖ ተገኘና ፈተናው ተሰረዘ። ይህን ታላላቆቻቸው ነግረዋቸዋል። «የተሰረቀ ፈተና አለን» እያሉ ብር የሚሰበስቡት ነጋዴዎችም እስከ ዛሬ እንጀራ የሚበሉት በዚያች አንዲት እውነት ነው። «ሁሉም ውሸት ነው» የተባለ ልጅ አንዴ እውነት ካገኘ፣ ከዚያ ወዲያ እኛን አይሰማም።

ይልቅ የነጋዴዎቹን አሠራር እናሳየው። የቴሌግራም ቻናላቸው በፈተናው ቀን ጠዋት አንድ የማይረባ ፎቶ ይለጥፋል። ተፈታኞች ሲወጡ የጥያቄው ወረቀት እጃቸው ይገባል። ከዚያ የጠዋቱን ፎቶ አንሥተው ወረቀቱን ይተኩበታል። ሰዓቱ ግን የጠዋቱ ሆኖ ይቀራል! «አያችሁ፣ ቀድመን ለቀነዋል፤ ለነገው ብር አስገቡ» ይላሉ። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» (ተቀይሯል) የምትል ደቃቃ ቃል አለች። እሷን አይቶ የሚስቅ ልጅ ብሩን አይሰጥም። ይህን ለማስተማር አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ለምንድን ነው ታዲያ?

ክፍል ውስጥ ስልክ አይነካ፣ ይሁን። ግን ስልክ መንጠቅ ጎበዝ ቢያደርግ ኖሮ፣ የ2014ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስልካቸውን ትተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት ውስጥ የፈተናውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ባልሆኑ ነበር።

በማግስቱ ደወልኩና የቤት ሥራው እንዴት ሊደርሰን እንደሆነ ጠየቅኩ። «በወላጅ ስልክ ይከታተል» ተባልኩ። ይኸው ማታ ማታ ስልኬ ልጄ ጋ ነው። ቲክቶክም አለበት።