ለክቡር ሃሎጅን ስፖት ላይት፣ ኮርኒስ ውስጥ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኮርኒሳችን በክብር እንዲሰናበቱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ አራት ኪሎ በሚገኘው አሮጌ ቤታችን ሳሎን ላይ ስላፈሰሱልን ብርሃን የቤተሰቡን ምስጋና አቀርባለሁ። የአቡጀዲው ኮርኒስ ተነሥቶ ቺፕውድ በተተካ ጊዜ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ 20 ሆናችሁ በየቀዳዳችሁ ስትሰየሙ፣ የገባ እንግዳ ሁሉ አንጋጦ «ቤቱ ሆቴል መሰለ» ይል ነበር፤ ሆቴል መምሰል ደግሞ በከተማችን ከቤትነት የሚበልጥ ማዕረግ ነው።

ምስጋናው እዚህ ላይ ያበቃል። እያንዳንዳችሁ ከምትወስዱት 50 ዋት ውስጥ ብርሃን ሆኖ የሚደርሰን ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሁላችሁም ስትበሩ ባለ 1,000 ዋት ምድጃ ጣሪያ ሥር ሰቅለን ቡና እንጠጣለን ማለት ነው። ይባስ ብሎ ጀርባዎ ላይ ያለው የተቀባ መስታወት ብርሃኑን ወደ ታች እየመለሰ አብዛኛውን የሙቀት ጨረር ወደ ላይ ስለሚያሳልፍ፣ ከሥርዎ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይጠረጥር ያመሰግንዎታል። ታችዎ ያማረ፣ ላይዎን ለቄስ!

ላይዎ ምን እንዳለ እኛም ያወቅነው ኤሌክትሪሺያኑ ኮርኒሱ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፦ የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ አናጢው ሳይጠርግ የሄደው ሰጋቱራ፣ አይጦች ከጋዜጣ ቁርጥራጭ የሠሩት ጎጆ። እርስዎ በአግባቡ እንዲሠሩ የኳርትዝ ብልቃጥዎ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት፤ እንጨት ግን አጠገብዎ ለዓመታት ሲጠበስ ቀስ በቀስ ይከስላል፣ የከሰለውም ካልከሰለው ባነሰ ሙቀት ሊያያዝ ይችላል። እስከ 70 ዲግሪ ብቻ እንዲችል የተሠራው ተራው የፕላስቲክ ሽቦም ከጀርባዎ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጨዋነትዎ ነው። ብሬከር የሚከታተለው በሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እንጂ የኮርኒሱን ትኩሳት ስላልሆነ፣ እርስዎም ከተመደበልዎ 50 ዋት አልፈው ስለማያውቁ፣ እንጨቱ እየጠቆረ ቤቱ ሰላም ይመስላል። እሳት የተነሣ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ኮንታክት ነው» ይልና ስምዎ ሳይነሣ ይቀራል።

የአውሮፓ ኅብረት እንደ እርስዎ ያሉትን፣ ያለ ትራንስፎርመር በቤት ኃይል በቀጥታ የሚሠሩ ስፖት ሃሎጅኖች፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2016 ጀምሮ ወደ ገበያው እንዳይገቡ ከልክሏል። ለፍጆታዎ ሲል እንጂ ለእሳትዎ አለመሆኑን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ። እኛ ዘንድ ግን እነሆ አሁንም በሥራ ላይ ነዎት።

ስለሆነም ወንበርዎን ከ5 እስከ 7 ዋት ለሚበቃው ኤልኢዲ እንዲያስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። እርሱም ጥቂት ይሞቃልና አየር የሚያገኝበት ክፍተት ይተውለታል። ባለ 12 ቮልት ዘመዶችዎም ከነትራንስፎርመራቸው ይሰናበቱ፤ አሮጌው ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ጭነት ስለማይለምድ አዲሱን አምፖል ሊያርገበግበው ይችላል። እስከ ርክክቡ ቀን ድረስ ሰጋቱራው ይጠረጋል፤ እርስዎም ሰው ከሌለ አይበሩም።

ከሰላምታ ጋር፣
የሳሎኑ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለብሬከሩ፣ ያላየውን እንዲያውቅ
በኮርኒሱ ላይ ለሚኖሩ አይጦች፣ ጋዜጣቸውን ይዘው በአስቸኳይ ፈቀቅ እንዲሉ