ፋይናንስ ፒኤችዲ የምትመኙ ልጆች፣ ማትስ ዲፓርትመንት ሂዱ

አካውንቲንግና ፋይናንስ በጥሩ ውጤት የጨረሱ ልጆች ስለ ፒኤችዲ ሲያወሩ ሁሌ የምሰማው አንድ አይነት እቅድ ነው፣ መጀመሪያ ኤምቢኤ እይዛለሁ፣ ከዛ ባንክ ገብቼ ትንሽ ልምድ፣ ከዛ ብር ካጠራቀምኩ ወደ ውጪ አመለክታለሁ። ይሄ ሁሉ እስኪሆን ስንት ዓመት ይሄዳል እኮ! ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ የጠፋው መንገዱን የሚነግራቸው ሰው ነው። እኔ በዚህ ስላለፍኩ በግልፅ ልናገር፣ አሜሪካ ቢዝነስ ስኩል ገብቶ ፋይናንስ ፒኤችዲ ለመማር ኤምቢኤም የተጠራቀመ ብርም ግዴታ አይደለም፣ የሚያስፈልገው ማትስ ነው።

የብሩን ነገር ላስቀድም። ደህና ደህና ትምህርት ቤቶች ለፒኤችዲ ተማሪ ክፍያውን ይተዋሉ፣ ከዛ ላይ ለኑሮ በዓመት ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር አካባቢ ስታይፔንድ ይሰጣሉ፣ በምትኩ ተማሪው ፕሮፌሰሮችን ሪሰርች ላይ ያግዛል ወይ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ 5 ዓመት ነው፣ 6 የሚፈጅበትም አለ። በባችለር ዲግሪ ብቻ ይገባል። ዲቢኤ የሚባለው የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት ሌላ ነገር ነው፣ በአብዛኛው ሥራ ላይ ላሉ ማናጀሮች በክፍያ የሚሰጥ ነው፣ የሱን ዋጋ አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ወጪ ካለ ማመልከቻው ላይ ነው፣ አንዱ ትምህርት ቤት 100 ዶላር አካባቢ ይጠይቃል፣ ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ደሞ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይሄ ለጀማሪ ደሞዝተኛ ትልቅ ብር ነው። ግን ኢሜይል አድርጎ ለጠየቀ የማመልከቻ ክፍያውን የሚያነሱ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት የሚቀበለው 2፣ 3፣ ቢበዛ 5 ልጅ ነው፣ አመልካቹ ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ኮሚቴው ትራንስክሪፕት ሲከፍት የሚፈልገው ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ከተገኘ ደሞ ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከሥሩ በማረጋገጫ የሚያስተምረው ኮርስ) ነው። የኛ ልጅ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ኮስት አካውንቲንግ፣ ኦዲቲንግ፣ ታክስ፣ አድቫንስድ አካውንቲንግ፣ ከማትስ በኩል አንድ የቢዝነስ ማትስና የስታትስቲክስ ኮርስ ነው። ሁሉም ኤ ቢሆን እንኳ ኮሚቴው የሚፈልገውን አያገኝበትም። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ለፍቶ አንደኛ ወጥቶ ማለት ነው፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማትሱ ለማጣሪያ ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ቦታ ከኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ ማይክሮኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ (ስታትስቲክስን ለኢኮኖሚ ዳታ የሚጠቀም ትምህርት) ነው። ከዛ አሴት ፕራይሲንግ፣ ማለትም የአክሲዮንና የሌላ ንብረት ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን የሚያጠናው ኮርስ ይመጣል፣ እዛ ገና ከመጀመሪያው የሚሰጣችሁ ጥያቄ እንዲህ አይነት ነው፣ ገበያው ውስጥ ያለ ምንም ስጋት ነፃ ትርፍ የሚገኝበት መንገድ ከሌለ፣ የሁሉንም ንብረት የዛሬ ዋጋ ከነገ ገቢው ጋር የሚያገናኝ፣ ሁልጊዜ ከዜሮ በላይ የሆነ አንድ የዲስካውንት መለኪያ እንዳለ አረጋግጡ ይላል። በምሳሌ አይደለም፣ በፕሩፍ፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ በሚፃፍ የሂሳብ ማረጋገጫ ነው፣ መፍቻው ሴፓሬቲንግ ሃይፐርፕሌን የሚባል ቲዎረም ነው። ኮርፖሬት ታክስ በቃሉ የሚያውቅ ግን በሕይወቱ አንድም ፕሩፍ ፅፎ የማያውቅ ልጅ እዚህ ጋ ምን ያድርግ? አንደኛው ወይ ሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ደሞ ኳሊፋይንግ ፈተና አለ፣ እሱን ያላለፈ ይሰናበታል። ፊልዱን የሠሩትን ሰዎች ብታዩም ያው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የኦፕሽን (ንብረትን ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይ የመሸጥ መብት) ዋጋ ቀመር ስሙን ከያዙት አንዱ ፊሸር ብላክ ፒኤችዲው በአፕላይድ ማቲማቲክስ ነው፣ ሥራውን ያሰፋው ሮበርት መርተንም ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኢንጂነሪንግ ማቲማቲክስ ነው፣ ኢኮኖሚክስ የመጣው ከዛ በኋላ ነው።

ይሄን ሁሉ መከራ ለምን ለሚል ሰው አንድ ነገር ላሳይ። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ካበደሩት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ቢል፣ ማለትም ባንኩ ገንዘብ የሚበደርበት ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ፣ ወለዱ አነስተኛ ነበር፣ ንግድ ባንክን ግን አይመለከትም ነበር፣ በ2012 ተነሳ። ለፋይናንስ ተመራማሪ ይሄ ወርቅ ነው፣ መመሪያው የነካቸው ባንኮች አሉ ያልነካቸው አለ፣ ከመመሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ብድር፣ ቁጠባ፣ ቅርንጫፍ ማወዳደር ይቻላል። እና ማን ፃፈበት? የውጪ ተመራማሪዎች ፅፈውበታል፣ በጎ አደረጉ። ግን እዚህ አገር ባንክ ቤት ተሰልፎ፣ ኮላተራል የለህም ተብሎ የተመለሰ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ቢፅፈው የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ይለያል። ከነሐሴ 2015 የመጣው የ14 በመቶ የብድር እድገት ገደብስ? ማን ብድር አገኘ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው ፋብሪካ ቆመ? ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሴኩሪቲስ ኤክስቼንጅ፣ ማለትም የአክሲዮን ገበያው ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን አስመዘገበ፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ያለ የአክሲዮን ዋጋ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል፣ የኛ ገና አሁን እየተወለደ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥርዓት የሚይዘውና የሚያጠናው ሰው ያስፈልጋል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መልቀም አይቻልም።

የኛ ሰው አይችልም የሚል ካለ ፕሮፌሰር ለማ ሰንበትን ይይ። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባፋሎ ፒኤችዲውን ሠርቶ፣ በኮርፖሬት ፋይናንስ ስሙ የሚጠራ ሆኖ፣ ዊስኮንሰን ከዛም ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው፣ ናይሮቢ ያለውን የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ሪሰርች ኮንሰርቲየምም መርቷል። ከሱ በኋላ የወጡም አሉ፣ ግን ከሕዝባችን ብዛት አንፃር በጣም ጥቂት ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው ዲፓርትመንቶቹን ነው። ጎበዝ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ሊኒየር አልጀብራና ሪል አናሊሲስ ማትስ ዲፓርትመንት ሄዶ እንዲወስድና ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲመዘገብለት ፍቀዱ፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም፣ የሁለት ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ፊርማ ነው። አስቀድማችሁ የተመረቃችሁ ደሞ ማትሱን በኢቭኒንግም ቢሆን ተማሩ፣ ዳታ የሚተነተንባቸውን ስታታ ወይ ፓይተን ልመዱ፣ ቅድመ ዶክትሬት የሚባሉትን ተከፋይ የሪሰርች ረዳት ሥራዎች ፈልጉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ያወጧቸዋል። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥ ውስጥ ስለሆነ ጂአርኢውን እስከ ጥቅምት ጨርሱ፣ ሪኮመንዴሽን የሚፅፉላችሁን መምህራን ደሞ ከመስከረም ጀምራችሁ ያዟቸው።