የወሎ ሠርግ ለእነሱም ይበቃል

ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲታሰብ ከቀኑ ቀጥሎ የሚነሳው የሥጋው ነገር ነው። የሙሽራው አጎት እስላም ነው። የሙሽሪት አክስት ቆራቢ ናት። ጎረቤቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ አቅም ካለ ሁለት በሬ ይገዛል፣ ከሌለም አንድ በሬና በግ ይሆናል። አንዱ «ቢስሚላህ» ተብሎ ይታረዳል፣ ሌላው «በስመ አብ» ተብሎ። ድስቱ ለየብቻ ነው፣ ጭልፋውም ለየብቻ። ለሚጠጣ ጠላ አለ፣ ለማይጠጣ ቀሪቦና ብርዝ። አንዳንዱ ቤት ዳሱ ራሱ ሁለት ነው። ሠርጉ ግን አንድ ነው። ማንም ተነሥቶ «የእነዚያ ድስት እዚህ ምን ይሠራል?» አይልም። ቢል ያፍርበታል።

ደሴ ያደግሁት በዚህ ውስጥ ነው። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ስጽፍም ከዚህ የምነሳው ለዚህ ነው። ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልናገር። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ተዋደው አብረው ለመኖር ከቆረጡ፣ ሕግ ባለትዳር ብሎ ሊመዘግባቸው ይገባል። ዘመድም ሠርጋቸው ላይ ሊገኝ ይገባል። ይህን በማለቴ ብዙ ሰው እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ከሚቆጡት መካከል በጣም የምወዳቸው ሰዎች አሉ። የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ጋብቻ ምን ያደርግላቸዋል? ዝም ብለው አይኖሩም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው።

ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ሁለት ወንዶች ናቸው። አርተር ነርቭን እያደከመ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል የማይድን በሽታ ያዘው። ኦሃዮ አታጋባቸውም ነበር። ስለዚህ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሐኪም አውሮፕላን ወደ ሜሪላንድ በረሩ። በሽተኛው መውረድ ስለማይችል አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ ተጋቡና ወዲያው ተመለሱ። አርተር ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ኦበርገፌል ፍርድ ቤት የሄደው ገንዘብ ፈልጎ አልነበረም። በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ የሟቹ ባለቤት ተብሎ እንዲጻፍ ነበር ልመናው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁን 26 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ዳኞቹ 5 ለ 4 ወሰኑለት። በመላው አሜሪካ ጋብቻው የተፈቀደው በዚያ ውሳኔ ነው።

እኛ ወሎዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቅሬ አለን። ሌላው አገር እድር የሚለውን ማለቴ ነው። ሰው ሲሞት እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ወጥቶ ይቀብራል። ለቀስተኛ ማንን እንደሚያጽናና ማወቅ አለበት። ባለቤቱ የሞተበት ሰው ከፊት ይቀመጣል፣ እሱን ሳያዩ አይመለሱም። ሃያ ዓመት ያስታመመውንና አብሮት የኖረውን ሰው ከኋላ አስቀምጠው «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ቢሉት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ከማንም በላይ ይገባዋል።

ንብረትም አለ። የ1992 ዓ.ም.ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ወንድና ሴትን እንኳ አይጥልም። ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከቆዩ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው ይላል። ሕግ አውጪው ሰርተፊኬት የሌላቸውም ሰዎች ቤት እንደሚሠሩ፣ ልጅ እንደሚያሳድጉ ስለገባው ነው እንዲህ ያለው። ከሁለት ሴቶች አንዷ ስትሞት ግን ሌላዋ በሕግ ዓይን ባዳ ናት። አብረው የገዙትን ቤት ሃያ ዓመት ያልጠየቀ ወንድም መጥቶ ይረከበዋል።

ወደ ቶሮንቶ ልውሰዳችሁ። ካናዳ ይህን ጋብቻ በመላ አገሪቱ የፈቀደችው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ ሠርግ ላይ ተጠርቼ ነበር። አንደኛዋ ሙሽራ ኮምቦልቻ ያደገች ናት። ሌላዋ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ እዚያው የተወለደች። የጃማይካዎቹ ወገን ከአያት እስከ ሕፃን አዳራሹን ሞልቶታል። በእኛዋ በኩል ጓደኞቿ ነበርን። እናቷ ነገሩን ከሰማች ወዲህ ስልክ አታነሳላትም ነበር። ይሁንና ልጅቷ የወሎን ደንብ አልተወችም። ሁለት ድስት አስጥዳለች። የሙስሊሙ ሥጋ ከሐላል ቤት ተገዝቶ፣ ለብቻው ተሠርቶ፣ በሌላ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ከተጠራነው መካከል ሙስሊም ስላላየሁ «ይሄ ለማን ነው?» አልኳት። «ከእናቴ ወገን የሚመጣ ካለ ብዬ» አለችኝ።

አንድ ሰው መጣ። የእናቷ ወንድም ነው፣ ከሌላ ከተማ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ። አልጨፈረም። ፎቶም አልተነሳም። እጁን ታጥቦ ከተዘጋጀለት ድስት በላ። ሙሽሮቹ ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ብድግ ብሎ አነሣቸውና «አላህ ጤና ይስጣችሁ፣ ተስማምታችሁ ኑሩ» አላቸው። በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ እንዴት እንደ መጣ ጠየቅሁት። ፊቱን አላዞረብኝም። «ሃይማኖቴ ይህን አይፈቅድም፣ እሷም ታውቃለች። ግን የእህቴ ልጅ ናት። ደግሳ ጠርታኛለች። ተጠርቶ መቅረት ከየት የመጣ ነው?» አለኝ።

እኔ ከዚህ በላይ እፈልጋለሁ። የዚያች ልጅ እናት እልል እንድትል፣ አባቷ ከፊት እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ነገር ግን የአጎቷን መንገድ አልንቅም። ጥንትም የሌላውን ሃይማኖት ሠርግ የምንሄደው እንደዚሁ ነው። እምነታችንን ቤት ጥለን አንሄድም። ከራሳችን ድስት በልተን፣ መርቀን እንመለሳለን።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁልጊዜ የምትረሳ አንዲት ሰው አለች። ሚስቲቱ ናት።

«አግባና ይተውሃል» የሚል ምክር ስንቱ ቤት እንደሚሰጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ልጁ ለእናቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ እንደምንም ይነግራል። ይለቀሳል፣ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ሽማግሌ ተልኮ ይዳራል። ለልጅቷ ወላጆች ማንም ምንም አይነግርም። ደሴ ውስጥ እንዲህ የተዳረች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ባሏ አይመታትም፣ አይሰክርም፣ ደመወዙን አምጥቶ ይሰጣታል። ጎረቤት «ምን ጎደለሽ?» ይላታል። እሷ ግን ባሏ ለምን እንደማይነካት አታውቅም። ቀለሟ መስሏት ቅባት ቀያየረች። መክሳቷ መስሏት ወፈረች። ጠበል ተመላለሰች። ጠበሉ አልሆን ሲል እንደ ብዙ ወሎዬ ሼህ ዘንድ ሄዳ ዱዓ አስደረገች። እውነቱን ስትሰማ የመጀመሪያ ቃሏ «እንግዲያው እኔ አይደለሁማ!» የሚል ነበር። ቀጥላ ያለቀሰችው ለብቻዋ አልነበረም። «እሱም እኮ እንደኔው ታስሮ ነው የኖረው» አለችኝ።

ይህ ትዳር በቤተ ዘመድ ምርቃት የተፈጸመ ነው። በሬ ታርዶበታል፣ ቀለበት ታስሮበታል። ባህላችንን ያስከበርን መስሎን የሁለት ሰው ወጣትነት ቀበርን። ልጁ የወደደውን ሰው ይዞ በግልጽ መኖር ቢችል ኖሮ ይቺ ሴት የሚወዳት ባል ታገኝ ነበር። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሌሎቻችንን ትዳር ያፈርሳል ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው ይህንን ነው። እየፈረሰ ያለው ትዳር ቤታችን ውስጥ ነው፣ የሚያፈርሰውም ፍርሃት ነው።

ስለ ሃይማኖት። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይህን ጋብቻ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። ተክሊል ወይም ኒካህ ይሰጣቸው አላልኩም። የሃይማኖት ጋብቻ የሃይማኖቱ ነው። የማወራው ማዘጋጃ ቤት ስለሚመዘግበው ጋብቻ ነው። ደቡብ አፍሪካን እንይ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው ሕገ መንግሥት ሰው በፆታ ዝንባሌው እንዳይበደል በግልጽ ይከለክላል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2005 ጉዳዩን አይቶ ለፓርላማው የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። ሕጉ በኖቬምበር 2006 ሥራ ላይ ዋለ። እንዲህ ዓይነት ጋብቻ ማስፈጸም የሚፈልግ የእምነት ተቋም ራሱ አመልክቶ ይፈቀድለታል። የማይፈልግ አይገደድም። ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ይኖራሉ፣ ሱቅ ከፍተዋል፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዳቸውን ይሳለማሉ። በዚህ ሕግ ምክንያት የማንም ቅዳሴ፣ የማንም ሶላት አልተቋረጠም።

ወሎ ደግሞ ሰውን በአዋጅ ለመለወጥ መሞከር ምን እንደሚያመጣ ያየ አገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እነ ሼህ ጦልሃ ያሉ የሃይማኖት አባቶች አሻፈረኝ ብለው ሸፈቱ። ስንቱ ተሰደደ። የቀረው ሕዝብ ደግሞ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» እየተባለ ኖረ። በአደባባይ አንድ፣ በጓዳ ሌላ ሆኖ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም ቅድመ አያቶቻችን ያውቁታል። ዛሬ የምንኮራበት መቻቻል ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሰው በሰው ጓዳ መግባቱን ሲተው የመጣ ነው። አሁን ደሴና ወልድያ ውስጥ ቀን ሌላ ሌሊት ሌላ ሆነው የሚኖሩ ወጣቶች አሉ። የኛው ልጆች ናቸው።

«ከፈረንጅ የመጣ ነው» የሚለውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ቬሎውም ኬኩም ከዚያው መጥቶ ማንም አልተጣላም። ይህ ስሜት ግን ፈረንጅ አይቶ በማያውቅ የገጠር ልጅም ላይ አለ። ማንም አላስተማረውም፤ ቢቻለውማ ራሱ ይተወው ነበር። ታይዋን ከ2019፣ ታይላንድ ከጃንዋሪ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ጋብቻ ፈቅደዋል። ሁለቱም ሽማግሌና ወላጅ የሚከበርባቸው፣ ሠርግ ያለ ቤተ ዘመድ የማይታሰብባቸው አገሮች ናቸው።

እኛ ገና ከጋብቻው በፊት ያለው ደረጃ ላይ ነን። የ1996 ዓ.ም.ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። እስር ቤት እያለ ስለ ሠርግ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ሰው ልጁን የሚያሳስረው እንደ ልጅ ማየት ሲያቆም ነው። ሠርግ ደግሞ ልጅን እንደ ልጅ የምናይበት ቀን ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ ወሎዎች ጥሪው ሲደርሳችሁ ሂዱ። ከራሳችሁ ድስት ብሉ፣ ከፈለጋችሁ አትጨፍሩ፣ ግን ወንበራችሁ ባዶ አይሁን። አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ቢያንስ የሰው ልጅ ለመሸፋፈኛ አታጋቡ።

አንቀጽ 629 መሻር አለበት ብዬ አምናለሁ። የምክር ቤት አባሎች በቅርቡ ይነኩታል ብዬ ግን አልጠብቅም። የቅሬ ዳኞች ዘንድ ያለኝ ተስፋ ይበልጣል። ወሬ በተሰማበት ልጅ ምክንያት እናትና አባት ከቅሬ ይውጡ ሲባል «አይሆንም፣ የኛው ናቸው፣ እንቀብራቸዋለን» ማለት በእነሱ እጅ ነው። ይህን ለመወሰን አዋጅ አያስፈልጋቸውም፣ አዲስ አበባም መሄድ የለባቸውም።