ማርሚታም ለዓመት በዓል ይቀባል

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንዳት ማለት በአብዛኛው የሰው መኪና ጀርባ ማየት ማለት ነው። ከመገናኛ ሃያ ሁለት እስኪደርሱ ድረስ ከፊት የቆመውን መኪና አጥንቶ መጨረስ ይቻላል። ታርጋው በቃል ይያዛል። ለተሰነጠቀው የፍሬን መብራት ይታዘናል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ጸሎት ተነቦ አሜን ይባላል። መንገዱ ግን አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ይሄኔ ዓይን ዝቅ ይልና ጭስ ማውጫው ላይ ያርፋል።

እኔ የባለመኪናውን ጠባይ ማወቅ ስፈልግ እዚያ ነው የማየው። ሰው ወንበር የሚያለብሰው ለራሱ ነው። ስፖኪዮ የሚያስተካክለው ለራሱ ነው። ቴፕ የሚያስገባውም ለራሱ ነው፤ እርግጥ ለሰፈሩም ጭምር። ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የሚሰካውን ክሮም ግን ባለቤቱ እየነዳ አንድም ቀን አያየውም። ከኪሱ አውጥቶ ከኋላው ለሚመጣው ሰው የገዛው ስጦታ ነው። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ጭሱን እየማገ ስለሆነ ምስጋና ትዝ አይለውም።

ከፋብሪካ የወጣች ቪትዝ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም። ቱቦዋ ቀጭን ናት። ከፓራውልቱ ስር ተሸሽጋ፣ ወደ መሬት አጎንብሳ፣ ማንንም ሳታስቀይም ትተነፍሳለች። ጃፓኖች ናቸው የሠሯት፤ ይሉኝታም አብረው ገጥመውላታል። እኛ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ የሚፈታላት ዕቃ እሱ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ቪትዝ የገዛ ጊዜ ነገሩን በቅርብ አየሁት። ዕቁብ ወጣለት። እናቱ ጨመሩለት። ዲሲ ያለችው አክስቱ ላከች። እኛም የአቅማችንን አዋጣን። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሱ ይሁን እንጂ ባለአክሲዮኖቹ ብዙ ነን። ስለዚህ ስለ መኪናዋ አስተያየት የማይሰጥ ዘመድ የለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን የሀብታም ቅብጠት ካደረገው ወዲህ ደግሞ ቀድማ የገባች ቪትዝ ዋጋዋ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። እንግዲህ ይህን የመሰለ የቤተሰብ ቅርስ እንዴት ተብሎ በቀጭን ቱቦ ይተነፍሳል?

«ጋሼ፣ ከኋላ ስትታይ እኮ ባዶ ናት» አለኝ አንድ ቀን።

«ምን ጎደላት?»

«ግርማ ሞገስ።»

ግርማ ሞገስ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድን። እዚያ ለቪትዝ የሚሆን ጫፍ አለ። ቪትዟ ራሷ የምትገባበት ጫፍም አለ። ክቡ፣ ሞላላው፣ አፉ እሳት የነካው እንዲመስል ሰማያዊ የተደረገው፣ ሁሉም ተደርድሯል። ሻጩ አንዱን አንስቶ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለና አቀበለን።

«ኦርጅናል ነው፣ ብሮ።»

«የየት አገር ኦርጅናል?»

«የቻይና ኦርጅናል ነዋ!»

«ጥቅሙ ግን ምንድን ነው?» አልኩ እኔ። ሻጩ አዝኖ አየኝ።

«ፋዘር፣ ጉልበት ይጨምራል።»

ስለ ጉልበት ካነሳን አይቀር ትንሽ ላውራ። የዚህች ቪትዝ ሞተር 1,000 ሲሲ ነው። ጉልበቱ 70 ፈረስ ገደማ ነው ይባላል። ይህ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ማለትም ከሰባው ፈረስ አሥራ ሰባት የሚሆኑት ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። አምስት ሰው ጭኖ የሽሮ ሜዳን ዳገት የወጣ ሰው የትኞቹ እንደቀሩ ያውቃል። ጫፉ ደግሞ የሚገጠመው ድምፅ ከሚያፍነው ከማርሚታውም በኋላ ነው። ሞተሩ ሥራውን ጨርሷል። ጭሱ መንገዱን ጨርሷል፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ሁሉም ተሰናብቶ ሊወጣ በሩ ላይ ደርሷል። የበር እጀታ ስለተቀየረ ወጥ አይጣፍጥም።

ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ሻጩ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝና ወደ ልጁ ዞረ።

«ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት?»

ባለ ሁለት ተገዛ። ዋጋውን አልናገርም፤ እህቱ ይህን ጽሑፍ ታነበው ይሆናል። ቤት ወስደን በደንብ ስናየው ከሁለቱ አፎች አንዱ ከውስጥ ድፍን ነው። ጭስ የሚያወጣው አንደኛው ብቻ ነው። ሌላኛው እማኝ ነው። ልስቅበት ከጀለኝ፤ ግን ፍርድ አይጓደል። ጀርመኖቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። በአንዳንድ ኦዲና መርሴዲስ ላይ ከኋላ የምናየው የሚያብረቀርቅ አፍ የተለጠፈ ጌጥ ነው። እውነተኛው ቱቦ ከጀርባው ተደብቆ ወደ መሬት ያጎነብሳል። ልዩነቱ የነሱ ውሸት ከነዋስትናው መሸጡ ነው።

ዕቃው በሦስት ቪቴ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር ነው። ነገር ግን በቪቴ የታሰረ ነገር በማግሥቱ የሌላ ሰው ነው ተባለና ብየዳ ተወሰነ። ሰፈራችን ካለው ጋራዥ ሄድን። መኪናዋ በክሪክ ተነሳች። መኪና ከተነሳ ደግሞ ሰፈር ያጎነብሳል። ሊስትሮው፣ የሱቁ ልጅ፣ ዱሮ በአሰብ መስመር ፊያት ከነተሳቢው ይነዱ የነበሩት ጋሼ፣ ሁሉም አንገቱን አጣሞ ወደ ላይ ያያል። ስለ ማርሚታ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ።

በያጁ ካቻቢቴ አወጣና ማርሚታውን ነካ አደረገው። ካቻቢቴው ገባ። ልግባ ብሎም አልጠየቀም።

«ፋዘር፣ ይሄ በስብሷል።»

«ምን ነካው?»

«ዕድሜ።»

ዕድሜ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ውሃው በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። መኪናው ረጅም መንገድ ከሄደ ማርሚታው ይግላል፤ እንፋሎቱም ጠቅልሎ ይወጣል። የኛ ልጅ መንገድ ግን ከቤት ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት ቡና ቤት ነው። ማርሚታው ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ እዚያው ይተኛል፣ ከጭሱ አሲድ ጋር ይቀላቀላል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስለውም ለዚህ ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ማርሚታዎች ሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ውሃው እንዲንጠባጠብበት።

በያጃችን ቀዳዳዋን አገኛት። ታንጠባጥባለች። ተቆጣና በየዳት።

«ደፈንኩልህ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ይህቺን ሳልጠየቅ ነው የሠራሁት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርሚታው ውሃ ያቁራል። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ማርሚታው ግን ተቋርጦበት አያውቅም።

ሰውዬው ደግነቱ አላለቀም። ትንሽ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ሌላ ሆድ ያለው ዕቃ አሳየን። «ይሄ ፊልተሩ ነው። ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር አለ፤ ጉልበት የሚይዝባችሁ እሱ ነው። በነጻ ላውጣላችሁ?» ልጁ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ነው እንግዲህ። ያ የማር እንጀራ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ነው፤ ገዢው ብዙ ነው። ይህን እኔ ከመናገሬ በፊት የአሰቡ ጋሼ ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ በነጻ የሚሠራ ጋራዥ አይቼ አላውቅም። ዝጋው።»

ተዘጋ። ክሮሙም ተበየደ። ችግሩ አሁን ሌላ ሆነ። ጫፉ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከጎኑ ያለው ማርሚታ የዛገ ቆርቆሮ ነው። በፊት ማንም አያየውም ነበር። አሁን ክሮሙ ጣቱን ቀስሮ ያሳየዋል። አዲስ ማርሚታ ለመግዛት ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ የለንም። መፍትሔው ከአማቴ መጣ።

«ቀቡታ! እንቁጣጣሽ እየደረሰ አይደል?»

ይህ የማይመለስ ክርክር ነው። ዓመት በዓል ሲመጣ ያልተቀባ ነገር የለም። የግቢው በር ይቀባል። የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ይለብሳል። የአስፋልቱ ጠርዝ ሳይቀር ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ማርሚታው ምን በድሎ ይቀራል? ክርክሩ ቀለሙ ላይ ብቻ ሆነ። የሱቁ ልጅ ጥቁር ይሁን አለ፤ ስፖርት ይመስላል። ሊስትሮው በነካ እጁ እኔም በጥቁር ላስነሳው አለ። ባለቤቴ ቀይ ትወዳለች። የአሰቡ ጋሼ ግን ክፉኛ ታዘቡን። «እኛ ማርሚታ ሲቀባ አላየንም» አሉ። «ሲቀደድ የዘይት ጣሳ ቀደን ጠቅልለን በሽቦ እናስረዋለን። ደሴ ድረስ ይሄዳል።»

ሥራውን በወጉ ለሚሠራው ሰው መንገዱ ይታወቃል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቅባቱ በቲነር ይጠረጋል። ቀለሙ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ 600 ዲግሪ ድረስ የሚችል በቆርቆሮ ይሸጣል። ስስ ስስ ተደርጎ ይደራረባል። ከዚያ ሞተሩ እየተነሳና እየጠፋ ቀስ በቀስ ይጋገራል። አድካሚ ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይህም ሆኖ ማርሚታው ከውስጥ መበስበሱን አይተውም፤ አምሮበት ይበሰብሳል እንጂ።

የኛዎቹ ጋ ከግቢው በር የተረፈ ብርማ ቀለም ነበር። የበር ቀለም የተፈተነው በበር ሙቀት ነው። ይህን ማንም አላሰበበትም። ዝገቱን በጨርቅ አበስ አደረጉና ወፍራም አድርገው ለቀለቁት። እውነት ለመናገር ያምራል። የግቢው በርና የመኪናዋ ማርሚታ አንድ ዓይነት ሆነው ስታያቸው ቤተሰብ ይመስላሉ።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ዘመድ ጥየቃ ተወጣ። አማቴ ከኋላ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ተቀምጠዋል። እኔ ከፊት ነኝ። ልጁ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረግጥ አንድ ሽታ መጣ። አማቴ መጀመሪያ የዘመድ ቤት እጣን መሰላቸው። ቀጥሎ ዳቦውን አሸተቱ። ከዚያ አጠገባችን የደረሰ ሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ሹፌር! ከታች እየነደድክ ነው!»

ወረድን። ብርማው ቀለም አረፋ እያወጣ ይጨሳል። መንገደኛ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ አፈር በትኑበት ይላል፣ አንዱ አትንኩት ይላል፣ አንዱ ሃይላንዱን ከፍቶ ውሃ ሊደፋበት ይሮጣል። የባሰው የመጣው ግን ከሌላ በኩል ነው። አንድ ምክር የበዛበት ሰው «ሞተሩን አስነሳና በደንብ ርገጠው፣ ጭሱ ይውጣለት» አለ። ልጁ ረገጠ። ማርሚታው ያቆረውን ጥቁር ውሃ በሙሉ በክሮሙ አፍ ተፋው። ከኋላ ቆመው ሲመለከቱ የነበሩት እናት ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ልብስ ለብሰው ነበር። ነጭ።

ያን ዕለት የተባልነውን በዓውደ ዓመት መጻፍ ነውር ነው። የድፎ ዳቦው እኩሌታ ለካሳ ሄደ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የአክስታችን ልጅም ቢዋይዲ ገዛ። ዘመድ ሁሉ ስክሪኑን ሲነካካ የኛ ልጅ ከመኪናው ኋላ ሄዶ ቁጢጥ አለ። አጎነበሰ። ከዚያ ደረቱ መሬት እስኪነካ ወረደ።

«ጭስ ማውጫው የታል?»

«የለውም።»

«ምን ማለት ነው የለውም?»

ሌሊቱን አልተኛም መሰለኝ፤ በበነጋው ይዞኝ ሶማሌ ተራ ሄደ። ያው ሻጭ ነው። ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ልጁ ጠየቀው።

«ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ጫፍ አለህ?»

«ባለ ሁለቱን ነው ባለ አራቱን?»

እኔ መታገሥ አቃተኝ። «አንተ፣ የኤሌክትሪክ መኪና እኮ ጭስ የለውም!»

ሻጩ ክሮሙን በእጅጌው እየወለወለ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱ አይደል ጥሩው፣ ፋዘር! መቼም አይጠቁርባችሁም።»