ውዳሴ ለመስኮት ሊቅ

ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ሰው ክንድ ለሩብ ሰዓት ያህል አገጬ ሥር ከርሞ ነበር። የመስኮቱ ወንበር የኔ ነው። ክንዱ የሱ ነው። በክንዱ ጫፍ ደግሞ ስልክ አለ። አውሮፕላኑ ወደ አንዲት የወደብ ከተማ ዝቅ ማለት ሲጀምር «ወንድሜ፣ ትንሽ ወደኋላ በልልኝ» አለኝ። አልኩለት። «ትንሽ ጨምር» አለኝ። ጨመርኩለት። ከዚያ በላይ ብጨምር ኖሮ ከኋላዬ ካሉት እናት ጭን ላይ ነበር የማርፈው።

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ከጎኑ ያልተቀመጠ የለም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እሱ ራሱ ናችሁ። ምንም አይደል፣ ዛሬ የመጣሁት ላወድሳችሁ ነው።

እኛ ደካሞቹ አንድ ከተማ እናውቃለን ለማለት ስንት ዓመት እንለፋለን። በእግራችን እንዞራለን፣ መንገድ እንስታለን፣ ሰው እንጠይቃለን፣ የተነገረንን አንሰማም፣ ደግመን እንጠይቃለን። የመስኮት ሊቅ ይህን ሁሉ ጣጣ ገላግሎናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ የሚያዘቀዝቀው ሦስት ዲግሪ ያህል ነው። ከማኮብኮቢያው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የቀረችውን 10 ኪሎ ሜትር በሁለት ደቂቃ ተኩል ይጨርሳታል። በሁለት ደቂቃ ተኩል ውኃ እንኳ አይፈላም። ሊቃችን ግን በዚህች ጊዜ ወደቡን፣ ኢኮኖሚውን፣ የሕዝቡን ጠባይና የከንቲባውን ድክመት አጠናቅቆ ይወርዳል።

መሣሪያውም አያሳስበውም። የአውሮፕላን መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ድርብ ነው። መካከለኛው ላይ ግፊቱን የምታመጣጥን፣ እርጥበቱንም የምታስተነፍስ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋን ብዙ ጊዜ አመዳይ ይይዛታል። በዚያ ላይ ከኔ በፊት የተቀመጠው መንገደኛ የግንባሩን ወዝ በስጦታ ትቶልኛል። በዚህ ሁሉ መሐል ነው እንግዲህ «ሙሉ ከተማዋ» የምትቀረጸው። ቪዲዮውን በኋላ አሳይቶኛል፣ ሳልጠይቀው። ግማሹ የስልኩ ነጸብራቅ ነው። ሩቡ ክንፍ ነው። የቀረው የኔ ጆሮ ነው። «የትኛው ነው ወደቡ?» ብዬ ጠየቅሁት። ከጆሮዬ በስተግራ ያለችውን ግራጫ ነገር አሳየኝ።

እስከ ዛሬ ከተረፉት የአየር ላይ ፎቶዎች ሁሉ ጥንታዊው የወደብ ከተማ ፎቶ ነው። በ1860 ጄምስ ዋላስ ብላክ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በባሉን ወጥቶ ቦስተንን አነሳት። የወጣው 365 ሜትር ገደማ ነው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ብዙ ሰሌዳ ሞክሮ ደህና ሆኖ የወጣለት አንዱ ብቻ ነበር። ምስኪን! አንድ ፎቶ ይዞ ወረደ፣ ዛሬም ድረስ ይታያል። የኔው ሰው 214 ፎቶ አንስቶ ወረደ። ቁጥሩን የማውቀው ስልኩ «ቦታ ሞልቷል» ብሎ ሲጮህበት አብረን ስለቆጠርን ነው።

የሊቆቻችን የቋንቋ ሀብትም ሊመሰገን ይገባዋል። ከላይ ሆኖ ወደብ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሳይናገር እንዳይወርድ ሕግ የወጣ ይመስለኛል። አንደኛው «ኮንቴይነሮቹ የልጅ መጫወቻ ይመስላሉ» ነው። ሁለተኛው «ሰዉ ጉንዳን ያክላል»። ባለ 40 ጫማው መጫወቻ 12 ሜትር ይረዝማል። ከነጭነቱ 30 ቶን ሊመዝን ይችላል። ከትልልቆቹ መርከቦች አንዱ 400 ሜትር ይረዝምና ባለ 20 ጫማውን ኮንቴይነር ከ20,000 በላይ ይሸከማል። ሊቃችን ይህን «ጀልባ» ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ። ጉንዳኑ ደግሞ ክሬኑ ላይ ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ አባወራ ነው። ግን ማን ይጠይቀዋል? ከ500 ሜትር ላይ ላብ አይታይም።

ከሁሉም የሚበልጠውን ሳላነሳ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። «የመልሕቁ ሊቅ» ነው የምለው። ስሙን አልናገርም፣ ብናገር ይኮራል። በአንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እሱ አለቃ ነበር፣ እኔ እንደ መርከብ የምጠብቅ።

ይህ ሰው አንድ ቀን ወደ ስብሰባ ሲበር ከወደብ ውጪ መልሕቅ ጥለው ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ያያል። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም አፍንጫቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። አንዱ እንኳ አልተዛነፈም። ሊቃችን እንባው መጣ። «ይታያችሁ ሥርዓት!» አለ። «ማንም ሳያዝዛቸው!»

ማንም አላዘዛቸውም፣ እውነቱን ነው። መርከብ መልሕቁን የሚጥለው ከአፍንጫው በኩል ነው። ሰንሰለቱ አፍንጫውን ሲይዘው የቀረው አካሉ ነፋሱና የውኃው ፍሰት ወደገፉት ይዞራል። ጎረቤቱንም ያው ነፋስ፣ ያው ውኃ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ወገን ያያሉ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በነፋስ ወደ አንድ ጎን እንደሚል። ካፒቴኑ ተኝቶም ይሆናል።

አለቃችን ግን አልተኛም። ሰኞ ጠዋት ሰበሰበን። «ለምንድን ነው እኛ እንደ መርከቦቹ የማንሆነው?» አለ። ዝም አልን። ዝምታችንን እንደ ጸጸት ቆጠረው። በማግሥቱ የቢሮው ጠረጴዛዎች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። አቅጣጫው ወደ ግድግዳው ነበር። ኮምፒውተሮቹን የሚሰካው ገመድ ስላልደረሰ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ፣ ሥርዓቱ ግን ያምር ነበር። በሦስተኛው ቀን የሁለት ቀን ሥልጠና መዘጋጀቱ ተነገረን። ርእሱ «በአንድ አቅጣጫ የመቆም ጥበብ» ነው። ሰርተፊኬት አለው። እቤት አለኝ።

የመጀመሪያው ስላይድ የመርከቦቹ ፎቶ ነው። ከክንፍ ጋር። ሁለተኛው ስላይድ ያው ፎቶ ነው፣ ቀይ ቀስት ተጨምሮበት። ሦስተኛው ላይ ቀስቱ ሰማያዊ ሆነ። አራተኛው ላይ የመርከቦቹ ፎቶ ከጎኑ የኛ ፎቶ አለ፣ ጓሮ ቆመን የተነሳነው። እያንዳንዳችን የተለያየ ቦታ እያየን ነው። አዳራሹ አፈረ። አምስተኛው ላይ አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ እጇን አወጣች። ወንድሟ መርከበኛ ነው።

«ውኃው ሲዞርስ?» አለችው።

«የትኛው ውኃ?»

«የባሕሩ። ሙላቱ ወደ ጉድለት ሲዞር። በብዙ ባሕር ስድስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይዞራል እኮ። ያን ጊዜ መርከቦቹ ሁሉ ተገልብጠው በተቃራኒው ይቆማሉ።»

አለቃችን ትንሽ ዝም አለ። ውኃ ጠጣ። ከዚያ «እሱ ነገ ነው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ አለ» አለ።

እውነትም በማግሥቱ ነበረ! በአንድ ሌሊት ስምንት ስላይድ ተሠርቶ አደረ። «ለለውጥ ዝግጁ መሆን»። ያው አሥራ አንድ መርከቦች፣ ፎቶው ብቻ ተገልብጦ። ክንፉም አብሮ ተገልብጧል። ስላይድ 41 ላይ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ መርከብ መጣ። ለብቻው ወደ ሌላ ወገን ያያል። አለቃችን ይህን መርከብ አይወደውም። «በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አይጠፋም» ብሎ የሒሳብ ክፍሏን አየ። መርከቡ ሞተሩን አስነስቶ ወደብ እየገባ ነበር። ከኋላው ነጭ የውኃ መስመር በግልጽ ይታያል። ከአሥራ ሁለቱ መሐል ሥራ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ይህን አልተናገርኩም። ሰርተፊኬቱ ገና አልታደለም ነበር።

ያን የውኃ መስመር ካነሳሁ አይቀር፣ የመርከቡን ፍጥነት ከሱ ስፋት የሚገምቱም አሉ። «በጣም ተከፍቷል፣ እየበረረ ነው» ይላሉ። በጥልቅ ውኃ ላይ መርከቡ ከኋላው የሚከፍተው የሞገድ ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ39 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። የፊዚክስ ተመራማሪው ኬልቪን በ1887 ያሰላው ነገር ነው። መርከብም ይሁን ዳክዬ፣ ያው ነው። ለሊቁ ይህን ብትነግሩት ዳክዬዋም እየበረረች ነበር ይላችኋል።

እስካሁን ስቄአለሁ። አሁን የምናገረው ግን አያስቀኝም።

ያ ባለ ክንድ ጎረቤቴ የወደቡን መጋዘኖች እያየ «ንጹሕ ከተማ ናት፣ ሁሉ ነገር በቦታው ነው» አለ። ጣሪያ አይቶ። ቤይሩት ወደብ ላይም ጣሪያ ነበር። ከዚያ ጣሪያ ሥር 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል ከ2014 ጀምሮ ተከምሮ ተቀመጠ። የከተማዋ አየር ማረፊያ በስተደቡብ፣ ባሕሩን ተጠግቶ ነው ያለው። በነዚያ ስድስት ዓመታት ስንት ሰው በዚያ በኩል በረረ? ስንቱ «እንዴት ታምራለች» እያለ ቀረጸ? ኦገስት 4 ቀን 2020 ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሺዎች ቆሰሉ። ጣሪያው ሥር ያለውን የሚያውቁ፣ ይነሳ ብለው ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ነበሩ። መሬት ላይ ነበሩ። የሰማቸው የለም። ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ደግሞ ከላይ የተነሳ ፎቶ ዞረ። ክቡ ጉድጓድ፣ የባሕር ውኃ ሞልቶት። ከሥሩ «ዋው» ብሎ የጻፈ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ዋው! ሰው እኮ ነው የሞተው!

ይቅርታ። ወደ ውዳሴዬ ልመለስ።

ምክር ሰጪዎቹንም መርሳት የለብኝም። «ወደ ወደብ ከተማ ስትበር ምንጊዜም በቀኝ ተቀመጥ» የሚሉት። የት ከተማ ነው ብትሏቸው «የትም» ይላሉ። አውሮፕላን የሚያርፈው በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ቀን ነፋሱ ከባሕር ወደ መሬት ይነፍሳል፣ ሌሊት ከመሬት ወደ ባሕር ይገለበጣል። ስለዚህ ጠዋት በቀኝህ ያየሃት ከተማ ከሰዓት በግራህ ብትመጣ ጥፋቱ የነፋሱ ነው፣ የመካሪው አይደለም። መካሪው መቼ ተሳስቶ ያውቃል!

ጎማው መሬት ነካ። ክንዱ ከአገጬ ሥር ወጣ። አንገቴን ሳዞር ጠቅ የሚል ድምፅ ሰጠ። ጎረቤቴ «ተባረክ ወንድሜ» አለኝና ገና ቀበቶውን ሳይፈታ ቪዲዮውን ለቀቀው። በትከሻው አሾልኬ ጽሑፉን አነበብኩት። «ይህችን ከተማ በደንብ አውቃታለሁ» ይላል። አውሮፕላኑ ገና አልቆመም።

ፓስፖርት ወደሚታይበት ስንሄድ እሱ በሌላ ቀስት ታጠፈ። ትራንዚት ነው።

«ከተማውን ሳታይ?» አልኩት።

ጥያቄው ገረመው። «አየሁት እኮ! አብረን አይደል እንዴ ያየነው?»

ትንሽ ሄዶ ደግሞ ተመለሰ። «ግማሹ ቀርቶኛል እንጂ» አለኝ። «በመልሱ በዚያኛው ጎን ነው የምቀመጠው። መስኮት ግን አላገኘሁም፣ ያው መካከል ነው የደረሰኝ።» ከዚያ ፈገግ ብሎ አየኝ። «አንተስ መልስህ መቼ ነው?»

ዋሸሁት።