ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የእኛ ቤት ኮምፒውተር የሚኖረው ሳሎን ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እማዬ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ከአቧራ ይጠብቀዋል፤ ከሰው የሚጠብቀው ግን የለም። የይለፍ ቃሉ በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። 123456። ለምን ለጠፍሽው ስላት «እንዳይጠፋ ነዋ» አለችኝ።

ባለፈው የዕድራችን ዳኛ ጋሼ የድንኳን ኪራይ ዋጋ ሊፈልጉ መጡ። መነጽራቸውን ጠርገው፣ በአንድ ጣታቸው ገና «የ» ብለው ከመጻፋቸው ጎግል ሆዬ ጉዴን ዘረገፈው፦ «የራሰ በራ መድኃኒት»፣ «የፀጉር ተከላ ቱርክ ስንት ነው»፣ «የሽንኩርት ጭማቂ ፀጉር ያበቅላል ወይ»። ጋሼ ደግሞ ያዩትን ሁሉ እንደ ዕድር ማስታወቂያ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ዞረው አናቴን አዩት። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች «አሃ! ለካ ለዚህ ነው ሽንኩርቱ የሚያልቅብኝ!»

ከዚያ ወዲህ ነቃሁ። ኢንኮግኒቶ የሚሉትን የብራውዘር ድብቅ መስኮት መጠቀም ጀመርኩ። እሱም የሚረሳው የጎበኘሁትን ገጽ ነው እንጂ ዳውንሎድ ያደረግኩት ፋይል እዚያው ቁጭ ይላል (ታናሽ ወንድሜ አግኝቶት ለክፍል ጓደኞቹ አንብቦላቸዋል)፣ ኢንተርኔት የሚያቀርብልን ድርጅትም የት የት እንደገባሁ ማየት ይችላል። ለነገሩ ድርጅቱ ቢያውቅ ምን ገዶኝ፤ ለሰፈር አያወራ።

የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በ2016 እ.ኤ.አ. የላፕቶፑን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኖ በፎቶ ቢታይ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። የእኛን ካሜራ ዳንቴሉ ከሸፈነው ስንት ዘመኑ!

በመጨረሻ የራሴን አካውንት ከፈትኩ። በአዲስ የይለፍ ቃል። ለሽንት ስነሳ እንኳ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር ተጭኜ ቆልፌ ነው የምሄደው። እማዬ ሦስት ቀን አኮረፈች። «ከእኔ የሚደበቅ ምን ተገኘ? እኔ ዳይፐር የቀየርኩልህ!» በአራተኛው ቀን ጋሼ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እውነቴን ነው፣ ለይለፍ ቃል ሽማግሌ ተቀመጠብኝ። ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ፦ «ቁልፉ የልጁ ይሁን፤ ትርፍ ቁልፉ ግን እናቱ ዘንድ ይቀመጥ።»

አሁን ስክሪኑ ላይ ሁለት ወረቀት አለ።