ትንሽ ሽጉጥ እጅ አይመታም ላልከው

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ጀማሪ «ትንሿን ያዝ፤ ልብስ ስር አትታይም፣ እጅም አትመታም» ብለሃል። አለመታየቷ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ጥይቱ አንድ ከሆነ ሲተኮስ ወደ ኋላ እየገፋ እጅን ይበልጥ የሚመታው ክብደቱ ያነሰው ሽጉጥ ነው። ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ጥይት በ500 ግራም ሽጉጥ ብትተኩስ ልዩነቱን መዳፍህ ይነግርሃል። እጀታው ሲያጥር ደግሞ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀትም ስለሚያንስ፣ ትንሽ የማነጣጠሪያ መዛነፍ ጥይቱን ከዒላማው ያርቀዋል። ጎጃም ውስጥ ከልጅነት የሚታየው ረጅም ጠመንጃ ስለሆነ ይህ ቶሎ አይታሰብም። ለጀማሪ መካከለኛ መጠን ያለው ሽጉጥ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዱን ያውጣ፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው።